ዋስ የሆንኩ መስሎኝ

ተስፋዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሞላ። ሮውሌት ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው። መኪናህን ግን ሸጥኳት፤ ፎርት ዎርዝ የምሠራበት ሆስፒታል ድረስ ስታመላልሰኝ ደከመች። ደህና ነኝ እንዳልልህ ተናድጃለሁ፤ ንዴቴን የምነግረው ደግሞ ከአንተ ሌላ ሰው የለኝም።

ልጃችን ያሬድ ከፈረንጆቹ ጦር ተባረረ።

ለአንተ ሳይነግርህ የቀረውን እኔ ልንገርህ። ከአርባህ በኋላ አጠገቤ ተቀምጦ፣ የሚወደው ወንድ እንጂ ሴት እንዳልሆነ ነገረኝ። አልዋሽህም፣ ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ። ከዚያ ምሳውን አቀረብኩለት፤ ምን ላድርግ፣ ልጄ ነው። አንተም ጮኸህ ጮኸህ ሲወጣልህ ታቅፈው ነበር፣ አውቅሃለሁ።

ባለፈው ክረምት ሁለት መኮንኖች ቤቴ ድረስ መጡ። ስለ ልጅሽ ጠባይ ልንጠይቅሽ ነው አሉኝ። እኔ ሞኟ ሊሾሙት መስሎኝ። አገር ቤት ሰው ሲቀጠር ዋስ ይጠራ የለ? አንተ ራስህ ለስንቱ ዋስ ሆነሃል። ዳቦ ቆርሼ፣ ሻይ ቀድቼ አስተናገድኳቸው። የሚደብቀው ነገር አለ ወይ ሲሉኝ፣ ልጄ ውሸት አያውቅም፣ ወንድ እንደሚወድ እንኳ ለእናቱ ሳይደብቅ የነገረ ነው አልኳቸው። ዳቦዬን እያላመጡ ጻፉት።

ሕጋቸው ወታደሩን ማንን እንደምትወድ አንጠይቅህም፣ አንተም አትናገር፣ ወንድ መውደድህ ከታወቀ ግን ትባረራለህ ይላል። እውነትም እሱን አልጠየቁትም፤ እኔን ጠየቁኝ። የሰው ቤት ገብቶ፣ የሰው ዳቦ በልቶ፣ እናትን በልጇ ላይ ማስመስከር ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? አራት ዓመት ሙሉ ታንክ ሲጠግን ማንን ትወዳለህ ብሎ የጠየቀው ታንክ የለም።

ጉዳዩ በጦሩ ችሎት የታየ ዕለት፣ እንግሊዝኛ ስለማልችል መኮንኖቹ ያሉኝ አልገባኝም ብዬ እንድምል የያሬድ ጠበቃ መከረኝ። አሥር ዓመት በእንግሊዝኛ በሽተኛ ሳነጋግር የኖርኩ ሴት ለልጄ ስል እሺ አልኩ። እጄን ሳነሳ ያሬድ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

"እማዬ፣ ፕሊስ፣ አትማይ" አለኝ። ወደ ዳኞቹ ዞሮ፣ እናቴ እንግሊዝኛ አሳምራ ትችላለች፣ ለመኮንኖቹ የነገረችውም ሁሉ እውነት ነው አላቸው። እኔን ከሐሰት መሐላ አዳነና እንጀራውን አጣ። ለማገልገል አይበቃም ብለው የጻፉት ይህንን ሰው ነው፤ ደሜ ይፈላል።

አሁን ሙት ዓመትህ ደርሷል። የማኅበራችን ሰዎች ደግሞ ያሬድ በዚያ ቀን ባይታይ ይሻላል ብለው ሽማግሌ ላኩብኝ። ሽማግሌዎቹን አክብሬ ሸኘኋቸው፤ የመጡበትን ጉዳይ ግን አልተቀበልኩም። እኔ እስካለሁ በየዓመቱ አስብሃለሁ። የማስብህም ልጅህ በር ላይ ቆሞ እንግዳ እየተቀበለ፣ እጅ እያስታጠበ ነው። ከእጁ መብላት የሚከብደው ሰው እቤቱ ይብላ።

ባለቤትህ አልማዝ