ሰሌዳው ላይ የነበረው

ሰኞ፣ ጥር 6

መስኮት፣ ጠረጴዛ፣ ሰሌዳ። ዛሬም እንደ ወትሮው ወለወልኩ። የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ሰሌዳው ላይ የሞነጫጨሩትን ጠዋት ሳይገቡ አጠፋለሁ፤ አለቃው ያዘዘኝ ነው። ከማጥፋቴ በፊት ግን በዚህ ደብተር ጀርባ እቀዳዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው... እጄ እንዲፍታታ ብዬ። የፈረንጁን ፊደል እንደ ስዕል እስለዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ማን ጠይቆኝ?

ረቡዕ፣ ጥር 8

አዲሷ ልጅ ከተቀጠረች ሁለት ሳምንት ሞላት። ፕሮግራማቸው የእሷ ኮምፒውተር ላይ አልነሳ ብሏል። አምስቱን ወንዶች በየተራ ጠየቀች። መልሳቸው አንድ ነው። «እኔ ጋ ይሰራል።» ከመካከላቸው ጢማሙማ ዞር ብሎም አላያት።

ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ይህንኑ ነው። ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ሲላኩ እኔ ቤት ቀረሁ። እነሱ ጋ ሰራ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ውሃ ከፍታ ስታለቅስ ሰማሁ። ባልዲዬን ይዤ ተመለስኩ። ምን አገባኝ?

ዓርብ፣ ጥር 10

አገባኝ።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«እማማ፣ እስከ ሰኞ ካላስነሳሁት እንደሚያሰናብተኝ አለቃው ነግሮኛል። ሁሉንም ደጋግሜ ጫንኩ። የጎደለ ነገር አለ፤ እነሱም ረስተውታል።»

«ጽፈው አላስቀመጡም?»

«ሰሌዳ ላይ ነበር አሉ፣ ጥቅምት ላይ። ጠፍቷል።»

ማን አጠፋው? እኔው።

ደብተሬ ውስጥ አለ፣ በጀርባው። ግን በፊቱ በኩል ስለ ጢማሙ የጻፍኩት አለ... ስለ አለቃውም። እንዴት አድርጌ ልስጣት? ጽሑፌስ? ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ቤቴ ቁጭ ብዬ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ዘጠኝ መስመር። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «አዲሱን ከመጫን በፊት አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት።»

ሳቄ መጣ። ቤት ሳይጠረግ ምንጣፍ ይነጠፋል እንዴ?

ሰኞ፣ ጥር 13

ማለዳ ሰጠኋት። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን አየች።

«ማን ጻፈው?»

«አንብቢው እንጂ፣ ማን ጻፈው ምን ያደርግልሻል።»

ያለፈውን ርዝራዥ ሁሉ ከኮምፒውተሯ አጠፋች። ከዚያ አዲሱን ተራ በተራ ጫነች። ስድስተኛው መስመር ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ይቺ ጭረት ናት ወይስ እድፍ?»

ደብተሬን አውጥቼ አመሳከርኩ፤ የፊቱን ገጾች በእጄ ሸፍኜ። ጭረት ናት።

ከምሳ በፊት ፕሮግራሙ ተነሳ። ጢማሙ መጥቶ አፈጠጠ።

«ምን አደረግሽው?»

«ጠረግኩት» አለችው።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ልጅቷ አልተሰናበተችም። ወረቀቴን ኮምፒውተር ላይ ጽፋ ከፕሮግራሙ ጋር አስቀምጣዋለች። አዲስ ነገር የጫነ ሰው እዚያ ይጽፋል፤ የማይፈለገው በየሳምንቱ ይጠረጋል። ከላይ ስሜ አለ። ሦስቴ አነበብኩት... አራት ሊሆንም ይችላል።

አለቃው፣ «ማዘር፣ ለካ ታነቢያለሽ?» አለኝ።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ምሬቴ በዚህ አልወጣም። ቀለል ግን ብሏል። ከሰሌዳው የሚቀዳውንና የሚጠፋውን እንድለይ አሁን ለእኔ ትተውልኛል።

ዛሬ ጠዋት ሰሌዳው ጥግ ላይ፣ በጢማሙ የእጅ ጽሑፍ፣ «እኔ ጋ ይሰራል» የሚል አገኘሁ።

ሳልቀዳ አጠፋሁት።