በአንድ እጅ የተሞሉ አሥራ አንድ ቅጾች

ለምወድሽ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ምሳሽን ቁጭ ብለሽ ነው የምትበይው ወይስ ያው እንደ ልማድሽ አንድ እጅሽ ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርልሽ ነበር፤ ብዕሬ እዚያ ላይ ቆመ። ምስጋናው አልጠፋብኝም፤ ጠዋት ማታ አመሰግነዋለሁ። ከኋላ የምትከተለዋን «ደህና ነኝ» የምትል ቃል ግን ከተጣላኋት ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ረጅም ነውና ስልክሽን ዘግተሽ አንብቢው።

ላውንደሪያችን እንዴት እንደሚሠራ ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሳለሽ ትኩሱ አንሶላ ክምር ላይ ተኝተሽ ስንት ጊዜ ተሸክሜሽ ሄጃለሁ። ትልቁ መተኮሻ ማሽን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ የአንሶላውን ቀኝ ጥግ፣ ሌላው ግራውን ይዘው እኩል ወደ ጋለው ብረት ያስገቡታል። አንዱ ከቀደመ አንሶላው ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ዓይን ለዓይን እየተያየን ነው የምንሠራው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ፊት ለፊቴ የምትቆመው፣ ሳቋ ስለማያልቅ ሳቂታዋ የምንላት ባልደረባዬ ነበረች።

ከአንድ ወር በፊት ሥራ አስኪያጁ «የጭንቀት አያያዝ ሥልጠና» የሚባል ነገር አመጣልን። መቼ? በምሳ ሰዓታችን! የሦስት ሆቴልና የአንድ ሆስፒታል አንሶላ እንደ ኮረብታ ተቆልሎ እያየን፣ በባዶ ሆዳችን ክብ ሠርተን ተቀመጥን። አሰልጣኟ ጥሩ ልጅ ናት፣ እሷን አልወቅሳትም። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ፣ እስከ አራት ቆጥራችሁ ልቀቁ አለችን። ሹፌራችን፣ አፉ መች ያርፋል፣ «እህቴ፣ እኛ ጋ የሚሳበው እንፋሎት ነው፤ እሱንም እስከ አራት እንቁጠረው?» አላት። ሳቂታዋ ተንከተከተች። እኔስ ዓይኔን ስጨፍን ምን ሆንኩ መሰለሽ? እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። አሰልጣኟም «አባባን እዩአቸው፣ እንዴት እንደተረጋጉ!» ብላ አስጨበጨበችልኝ።

ያን ቀን ስቀናል። ዛሬ ሳስታውሰው ግን ደሜ ይፈላል። አህያዋን ከአቅሟ በላይ የጫነ ሰው፣ ጭነቱን ማራገፉን ትቶ አጠገቧ ቆሞ አተነፋፈስ ያስተምራታል? ይህን ነገር በየትኛው አገር ነው ደግነት የሚሉት?

በመጨረሻ ቅጽ ታደለ። በሥራችሁ ምን ያህል ጫና አለባችሁ፣ ከአንድ እስከ አሥር ካለው ቁጥር አክብቡ፤ የሚያስጨንቃችሁንም ከታች ጻፉ ይላል። ብዕሩን ይዤ አሰብኩ። ወገቤ ሊበጠስ ደርሷል። ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አንታጠፍም ይላሉ። ነገር ግን ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ዕድሜዬን ሙሉ የመለስኩት አንድ መልስ ነው። በወረቀት ማማረር ከፈጣሪ ጋር መካሰስ መሰለኝ። «አንድ» የሚለውን ቁጥር አከበብኩና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም ችግር የለም» ብዬ ጻፍኩ።

«ጋሼ ምን አሉ?» ተባለ። ጋሼ ያሉትን እኛም እንበል ተባለ። ምሳችንም እየቀዘቀዘ ነው። አብዛኞቹ መጻፍ አይቀናቸውምና ወረቀታቸውን ወደ እኔ ገፉት፤ እኔም እንደ ቸር ሰው ለሁሉም ያንኑ ጻፍኩላቸው። አሥራ አንድ ቅጽ፣ አንድ ቃል፣ አንድ እጅ። ሳቂታዋ ብቻ «ለእኔ እንኳ ትከሻዬን ይጻፉልኝ ጋሼ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ ነው የሚያድረው» አለችኝ። «ተይ ልጄ፣ አምላክሽን አመስግኚ» አልኳትና ለእሷም ያንኑ ጻፍኩ።

በሳምንቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ሠራተኞቻችን የሥራ ጫና እንደሌለባቸው በጽሑፍ ስላረጋገጡ» ይላል፤ ከዛሬ ጀምሮ መተኮሻው ላይ አንድ ሰው ብቻ ይመደባል። እኔን ወደ ማጠፊያው ጠረጴዛ ወሰዱኝ፣ ሳቂታዋ ብቻዋን ቀረች። ቀኝ ጥጉን አስይዛ ወደ ግራ ትሮጣለች፣ ግራውን አቅንታ ወደ ቀኝ። በዘጠነኛው ቀን እጇ ከአንሶላው ጋር ገባ። ማሽኑን ሮጬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ግን ካለሁበት እስከዚያ አሥር እርምጃ ነው። ለእሳት አሥር እርምጃ ሩቅ ነው ልጄ። ክንዷ እስከ ክርኗ ተቃጠለ።

እና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? በራሷ ቸልተኝነት! ሊያሰናብቷት ስብሰባ ጠሩ። ሆስፒታል ሄጄ እንዴት ነሽ ብላት፣ በፋሻ ተጠቅልላ፣ «ደህና ነኝ ጋሼ» አለችኝ። ፈገግ ብላ። ክፍሉን ለቅቄ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ፤ መጸለይ ፈልጌ ቃል አጣሁ።

ትዝ ያለችኝ እናትሽ ናት። በየማለዳው «ጎንሽስ እንዴት አደረ?» እላት ነበር። «ምንም አልል» ትለኝ ነበር። ጠይቄያታለሁ፣ አልነገረችኝም እያልኩ ስንት ዓመት ተጽናናሁበት። አሁን ሳስበው ሁልጊዜም የምጠይቃት ጫማዬን እያሰርኩ ነው። እውነቱን ብትነግረኝ የምሰማበት ጊዜ እንደሌለኝ ታውቃለች። መልሷን ያስጠናኋት እኔው ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በስብሰባው ሥራ አስኪያጁ ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ይኸው፣ በገዛ ቃላቸው» አለ። ተነሣሁ። አሥራ አንዱም የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ የተጻፈውም ውሸት ነው አልኩ። «ታዲያ ያን ጊዜ እውነቱን ለምን አልጻፉም ጋሼ?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው፤ ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው። «የአምላክን ስም ለፍርሃቴ መጠቅለያ ስላደረግሁት» አልኩት። «አሁን ግን ጠይቀኸኛልና ስማ!» አንተ ያልኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የእኔን ወገብ፣ የእሷን ትከሻ፣ የተወሰደብንን ምሳ፣ ሁለት ሰው የሚይዘውን አንሶላ ብቻዋን ስትሮጥበት የሰነበተችውን ሴት፣ አንድ በአንድ ዘረገፍኩለት። ሐሰተኛ ቅጽ መሙላት ምን እንደሚያስከትል አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አውቃለሁ አልኩት። ከበሩ በኩል ሹፌሩ «ጋሼ ገና አሁን ተነፈሱ!» ሲል ሰማሁት።

ሳቂታዋን አላሰናበቷትም። ማሽኑም ላይ ሁለት ሰው መልሰዋል። ቁስሏ ሲደርቅ ትገባለች፤ ፊት ለፊቷ የምትቆመው አዲስ የተቀጠረች ናት፣ እጇም ፈጣን ነው አሉ። ይህን የነገረኝ ሹፌሩ ነው፣ ትናንት እቤት ድረስ መጥቶ። እንድመልስ የተባልኩትን የሥራ ልብሴን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጥፌ በእሱ እጅ ልኬላቸዋለሁ። አንገትጌው ላይ አንድ መስመር እንኳ አያገኙበትም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ስትደውይልኝ ከአውቶቡስ ወርደሽ ቢሮ እስክትገቢ ነው፤ የእርምጃሽ ድምፅ ይሰማኛል። የእናንተም መሥሪያ ቤት አተነፋፈስ የሚያስተምር አፕ እንደሰጣችሁ ነግረሽኝ ስቀሽ ነበር። ባለፈው ግን ንግግርሽን መሃል ላይ አቋረጥሽ፤ ከዚያ «ደህና ነኝ አባዬ፣ ትንሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልሽ። እኔም «በርቺ» ብዬ ዘጋሁት። በርቺ! እየሰመጠ ላለ ሰው ከዳር ቆሞ በርታ ማለት ምን የሚሉት አባትነት ነው? ይቅር በይኝ።

ሸክምሽን ጻፊልኝ። አታሳምሪው፣ አታሳጥሪው። ማማረር ቢመስልሽም ጻፊው፤ ፈጣሪ እንደሆነ እውነት ስለተነገረው የሚቀየም አይደለም፤ እኔም ለመማር እየሞከርኩ ነው።

ከአቅምሽ የሚበልጠውን አምላክ ከጫንቃሽ ያውርድልሽ። እንጀራሽን ሰላም የሞላበት፣ እንቅልፍሽን ሙሉ ያድርግልሽ። እናትሽን የወሰደ እሱ አንቺን ያቆይልኝ።

ደግሞም ልመጣ አስቤያለሁ። የዕረፍት ቀንሽን አትጠብቂ፣ ፈቃድም አትጠይቂ። ከሥራ ስትገቢ ቤቱን አሙቄ፣ እራት ሠርቼ እጠብቅሻለሁ። ማክሰኞም ይሁን ሐሙስ የሚመችሽን ንገሪኝ፤ ለእኔ ሁሉም ቀን ይመቸኛል።

አባትሽ