ከቀዩ መስመር በፊት

ዊሎ ፖይንት፣ ኦሃዮ
ኦገስት 18 ቀን 1909

ይድረስ ለባለቤቴ ለክሌመንስ፣

ነገሩ የተበላሸው ሜይ 29 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው የሩጫ መቁጠሪያው በእጄ ስለነበረ ነው። የመዝናኛ ፓርኩ ሊከፈት ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ባለ ፓርኩ ሚስተር ስቶዳርድ የቁልቁለቱን መዝናኛ ባቡር የፍሬን ሠንጠረዤን በሁለት እጁ ዘርግቶ ከላይ እስከ ታች አየው። ሲያነብ ከንፈሩ እንደሚንቀሳቀስ ታውቃለህ። ከዚያ ቀና ብሎ «ይሄ የማን ሥራ ነው?» አለ። እኔ አፌን ከፈትኩ። አንተ ግን እጅህን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገህ፣ «የኔ ነው። ባለቤቴ የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር ገለበጠችልኝ» አልክ። እሱ ሳቀ፣ አንተም ሳቅክ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ለዚህ ፈገግታ እስካሁን ራሴን ይቅር አላልኩም።

ባለፈው ዓመት ጁላይ ከሦስተኛው ቁልቁለት ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሠላሳ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንተና ሠራተኞችህ ባቡሩን የምትሞክሩት ማለዳ ነበር፤ ሐዲዱ በጤዛ ርሶ፣ ግራሶው ረግቶ ሳለ፣ የአሸዋ ከረጢት በሰው ፋንታ አስቀምጣችሁ። ፍሬኑ የት እንደሚሳብ የሚያሳየውን ነጭ መስመርም ሐዲዱ ዳር በዚያው ልክ ትቀቡ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ግራሶውን ታለሰልሰዋለች። ያው ባቡር፣ በዚያው ጭነት፣ አራት ሰከንድ ቀድሞ ይደርሳል። አራት ሰከንድ ደግሞ መጨረሻው ኩርባ ላይ ሰውን ከወንበሩ ያነሳል። ይህን ያየሁትም ያሰላሁትም እኔ ነኝ። ለጠዋት ነጭ፣ ለእኩለ ቀን ቢጫ፣ ለሙቀትና ለሙሉ ጭነት ደግሞ ራቅ ብሎ፣ ፍሬኑ ቀደም ብሎ እንዲሳብ፣ ቀይ መስመር ይቀባ ያልኩትም እኔ ነኝ። ኮሌጅ ገብቼ ሦስት ዓመት ሒሳብ የተማርኩት የእጅ ጽሑፌን ለማሳመር አልነበረም።

አንተ በዚያ ወረቀት አዮዋ ላይ ትልቁን ባቡር የመሥራት ውል አገኘህና ጁን ሳይጋመስ ሄድክ። «ቤቱ ሲሰናዳ ትመጫለሽ» አልከኝ። አልመጣሁም። እናትህ የቀረሁት ታምሜ እንደሆነ ለጎረቤት እየነገሩ መሆኑን ሰምቻለሁ። እባክህ ጻፍላቸው፤ ምንም አላመመኝም። እንዲያውም እንደዘንድሮ ደህና ሆኜ አላውቅም። አሁን ቁጣዬን ትንሽ ላቆየውና የሆነውን ልንገርህ፤ መቼም በደንብ የሚገባው ሰው ካንተ ሌላ የለኝም።

የነጻነት በዓል ዘንድሮ እሑድ ስለዋለ ሰኞ፣ ጁላይ 5 ቀን ተከበረ። ትራሞቹ ከከተማ ሰው እያመጡ ያራግፋሉ፣ ተመልሰው ደግሞ ያመጣሉ። ማርሽ ባንዱ በአንድ ወገን፣ የሚዞሩት የእንጨት ፈረሶች ሙዚቃ በሌላ ወገን፣ እርስ በርስ ይጨቃጨቃሉ። የቋሊማ ጥብስ ሽታ እስከ ሐይቁ ዳርቻ ደርሷል። ቴርሞሜትሩ በፋረንሃይት ዘጠና ስድስትን አልፏል። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከተሳፋሪው ጋር እየዞረ ፍሬን የሚስበው የሁለተኛው ባቡር ፍሬን ያዥ ሙቀቱ መትቶት መድረኩ ላይ ተዘረረ። ሰልፉ እስከ ሎሚ ውሃ መሸጫው ተጠማዝዟል። ሽማግሌው ሃርላን ፊች፣ ሁለት ጣቶቹን ዕቃ ጫኝ ባቡር ላይ የተዋቸው ሰውዬ፣ የራሱን ባቡር አቁሞ ወደ አግዳሚ ወንበሬ መጣ።

«ስሚ ልጄ፣ መስመሮቹን ከኔ የበለጠ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ተነሽ።»

«ሚስተር ፊች፣ ባርኔጣዬስ?»

«ባርኔጣሽን እግዜር ይጠብቀው። የፍሬኑን እጀታ ግን የሚጠብቅ የለም።»

ቀሚሴን በመርፌ ቁልፍ ሰብስቤ ወጣሁ።

ክሌመንስ፣ አንተ ያን ባቡር ሠርተኸዋል እንጂ ይዘኸው አታውቅም። እጀታው በእጅህ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ሐዲዱ ምን እንደሚያስብ በክርንህ በኩል ይነግርሃል። መጀመሪያው ቁልቁለት ላይ እንደ ልጅ ሳቅሁ። ከፊቴ የነበሩት ሴትዮ ዞር ብለው «ልጄ፣ አንቺ ከሳቅሽማ ማን ሊጠብቀን ነው?» አሉኝ። በሦስተኛው ዙር ከሳቅ ወደ ሥራ ገባሁ። በአሥረኛው መስመሩን ሳላይ የት እንደደረስን አውቅ ነበር። በወረቀት ላይ የጻፍኩት ቁጥር ሁሉ ነፋስና ድምፅ ሆኖ ፊቴን ይመታኝ ነበር፤ አንዱም አልዋሸኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የሉካንዳ ቤቶች ማኅበር መጣ። ሃያ አራት ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ሁለት የአሸዋ ከረጢት ያክላሉ። ድንች ሰላጣቸውን በልተው፣ ቢራቸውን ጠጥተው፣ ባቡሩን ለብቻቸው ሞሉት።

«ፍሬኑን የያዘችው ሴት ናት እንዴ?» አለ ከፊት የተቀመጠው፣ አንገቱ ፀሐይ የጠበሰው።

«ናት» አልኩት። «ካልተመቸህ ውረድና በእግርህ ዙረው።»

«ባልሽስ የት ሄዶ ነው?»

«አዮዋ። ሰው የጻፈለትን ሊያነብ።»

«ኸርማን፣ አርፈህ ተቀመጥ፣ ትጥልሃለች» አለው ከኋላው ያለው።

«እሱን ለመጣልማ ሁለት በሬ ያስፈልጋል» አለ ሌላው፤ ባቡሩ በሳቃቸው ተወዛወዘ።

ያኔ ነው የነቃሁት። ሰንሰለቱ እያቃሰተ፣ ከወትሮው በጣም እየዘገየ ወደ ላይኛው ጫፍ ይስበናል። ቀዩን መስመር ያሰላሁት በከረጢት ለሞላ ባቡር ነው፤ ይህ ጭነት በኔ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። የከበደ ባቡር ደግሞ ቁልቁለት ላይ የባሰ ይበራል። ጫፍ እስክንደርስ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ነበረኝ። ከታች መድረኩ ላይ ፊች ቆቡን አውልቆ ቆሟል፤ እሱም ገብቶታል። አሰላሁ። እንደገና አሰላሁ። ሁለቱም ጊዜ መልሱ አንድ ሆነ፤ ከቀዩ መስመር አሥራ ሁለት የሐዲድ አግዳሚ እንጨት አስቀድሞ መሳብ። ብሳሳትና ከዚያም ቀድሜ ብስበው ቀጣዩን ዳገት ሳንወጣ ቁልቁለቱ ግርጌ እንቀራለን፤ ባረፍድ ደግሞ ኩርባው ላይ የሚሆነውን ልጽፍልህ አልፈልግም።

ሦስተኛው ቁልቁለት ሲመጣ የማንም ጩኸት አልተሰማኝም። እንጨቶቹን እቆጥር ነበር። ሳብኩ። የተቃጠለ እንጨት ሸተተኝ፤ እጀታው ሊያመልጠኝ ሲታገል በሁለት እጄና በጉልበቴ ያዝኩት። ዳገቱን ወጣን። ኩርባው መጣ፣ ዞርን፤ ከሃያ አራቱ አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሳም። መድረኩ ላይ ስንቆም ፊች ቆቡን መልሶ ደፋ። ኸርማን ፊቱ እንደ ሞራ ነጥቶ ቀስ ብሎ ወረደና፣ «እመቤቴ፣ እንደገና መውጣት ይቻላል?» አለኝ። ግማሽ በግማሽ አድርጌ በሁለት ዙር አወጣኋቸው። ያን ቀን ሠላሳ ዘጠኝ ዙር አዞርኩ። ስወርድ እንደ ንግሥት ነበር የተራመድኩት።

በማግስቱ ሚስተር ስቶዳርድ አስጠራኝ። ፊች ሁሉንም ነግሮታል።

«ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ሠንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ባልሽ እኮ...»

«ባሌ ያለውን ሰምቻለሁ፤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የፈለጉትን ያህል ይጫኑ። ባቡሩ ሳይነሳ በስንት ሰከንድ እንደሚመለስ ጽፌ እሰጥዎታለሁ።»

ሊያሳስተኝ ፈልጎ አሥራ አንድ ከረጢት፣ ሁለት ጽዳት ሠራተኞችና የምግብ ቤቱን ወፍራም አብሳይ ሁሉንም ከኋላ አስቀመጣቸው። ሰማንያ ሦስት ብዬ ጽፌ ወረቀቱን አጥፌ ለፊች ሰጠሁት። ባቡሩ በሰማንያ ሦስት ከግማሽ ገባ። ጭነቱን ቀያይሮ ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ሁለቱም ጊዜ ልክ ነበርኩ።

«በመጀመሪያው ግማሽ ሰከንድ ተሳስተሻል» አለኝ አንገቱን እያከከ።

«ነፋስ ተነስቶ ነበር» አልኩት። ፊች ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለተኛው ባቡር የኔ ነው፤ መስመሮቹንም በየሳምንቱ የምቀባው እኔ ነኝ። ልጃገረዶች የኔን ባቡር ለይተው ሲሰለፉ ብታይ። በር ላይ ያለው ሰሌዳ ግን አሁንም ያንተን ስም ብቻ ይዞ ቆሟል። ሚስተር ስቶዳርድ «በባልና ሚስት መካከል አልገባም» ብሎኛል። ስለዚህ የምነጋገረው ካንተ ጋር ነው።

ደብዳቤህ ባለፈው ሰኞ ደረሰኝ። ማለዳ ደህና የነበረው ባቡርህ ከሰዓት በኋላ እየበረረ እንዳስቸገረህ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን እንደምትከፍቱና ሰማያዊ ደብተሬን በአስቸኳይ እንድልክልህ ጽፈሃል። መጨረሻ ላይም «ሥራው የማን እንደሆነ እኔና አንቺ እናውቃለን፤ ይህ አይበቃም ወይ?» ብለሃል።

ደብተሩን አልልክም። ብልከውም አይረባህም። በውስጡ ያለው የዚህ ቁልቁለት ቁጥር ነው፤ ያንተ በሃያ ጫማ ይበልጣል፣ እንጨቱም ሌላ ነው። አንድ የሚያውቅ ሰው ቢያንስ አሥር ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጦ መለካት አለበት። እስከዚያ ከእኩለ ቀን በኋላ አንድም ሰው እንዳታሳፍር። ይህን የምልህ በቁጣዬ አይደለም፤ በሙያዬ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ማታ ከቶሌዶ የሚነሳው ባቡር ሐሙስ ጠዋት እናንተ ዘንድ ይደርሳል። ይህን ያወቅሁት የጊዜ ሰሌዳው እንዲያው እጄ ስለገባ ነው። ከሐሙስ እስከ መክፈቻችሁ ዋዜማ አሥራ አንድ ቀን አለ። ፊች ባቡሬን የሚይዝልኝ ሰው አዘጋጅቷል። የምሳፈረው ግን አንተ ለአሠሪዎችህም ለሚስተር ስቶዳርድም ሠንጠረዡን የሠራው ማን እንደሆነ በፊርማህ ጽፈህ፣ መጻፍህንም በቴሌግራም ካስታወቅኸኝ ብቻ ነው። እስከ ማክሰኞ ካልመጣልኝ፣ እንዳይከፍቱ ለአሠሪዎችህ እኔው ራሴ እጽፋለሁ። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሰዎች እኔን አልበደሉኝም።

ፀሐይ ላይ ስትውል ባርኔጣ አድርግ፤ ቶሎ ራስህን እንደሚያምህ አትርሳ። ሰንሰለቱ ሲዞር እጅህን አርቅ። እግዚአብሔር ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅህ፣ ከግትርነትህም ያላቅቅህ፤ የኔን ግን ለጊዜው ይተውልኝ።

ለጥያቄህ መልሴ፣ አይበቃም ነው። ሁለታችን ብቻ የምናውቀውን እውነት ከእንግዲህ ከማንም ሰው አልቀበልም፤ ካንተ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ አልቀበልም።

ኦቲሊ