ያረምኩልሽ ማመልከቻ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? ብርዱ አጥንት ይሰብራል ብለሽ ከጻፍሽ ወዲህ አባባ ሐሳብ ገብቶታል፤ ካልሲ ደርባ ትልበስ በያት ብሏል። እኛ ደህና ነን። እግሩ ያው እንደተውሽው ነው። ጠዋት ደግፌ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፣ ከትምህርት ቤት እስክመለስ መንገደኛ ሲያይ ይውላል።

እንዳርምልሽ የላክሽው ማመልከቻ ደርሶኛል። የመኖሪያ ፈቃድሽ በእሱ ላይ እንደተንጠለጠለ ስለነገርሽኝ ጊዜ አላጠፋሁም፤ በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት መምህራን ክፍል ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ያ የእንግሊዝኛ ፐርፌክት ቴንስ ስንት ወር እንዳንገላታን ታስታውሻለሽ? ያለቀውንና እስካሁን ያለውን እየደባለቅሽ ስትነጫነጪ አንድ ሕግ አወጣሁልሽ፤ የሆነውን ብቻ ጻፊ፣ ውሸት ስትጽፊ ግሱም ይጠፋሻል አልኩሽ። አንቺም ለእህቴ ሳህን አጥቤላት አላውቅም ብለሽ ጻፍሽ። እውነት ነበራ! ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። አሥር ከአሥር የሰጠሁሽ ያን ቀን ነው።

የአስተማሪ ነገር ሆኖብኝ ወረቀት ስይዝ መጀመሪያ የማየው ግሱን ነው። ገጹን ሙሉ ራይት እያደረግሁ ወረድኩ፤ አንድ ቦታ ብቻ "ሃቭ" ያልሽውን "ሃዝ" አደረግሁት። ጎሽ፣ ገብቷታል ብዬ ለብቻዬ ፈገግ ስል የሒሳብ መምህሩ ምን አገኘሽ አለኝ። የድሮ ተማሪዬ ናት ብዬ በኩራት ሰጠሁት። ጮክ ብሎ ያነበበው እሱ ነው። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል ይላል። እህት ኖሮኝ አያውቅም ይላል። ቀና ብሎ አየኝና ወረቀቱን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

ያቺ ያስተካከልኳት ግስ የአባባን ሞት የምትናገረው ናት።

የእናቴ መቀነት ጠለፈኝ እንዳትይኝ። ቤተሰብ የሌላትን ቶሎ ይቀበላሉ ብሎ የመከረሽ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ግን ለእኔ ትልኪዋለሽ? ሌላ አራሚ አጥተሽ ነው ወይስ እኔን አይሰማትም ብለሽ? ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ። ክደሽኛል፤ ሌላ ስም ፈልጌ አላገኘሁለትም።

ሦስት ቀን በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። የማስገቢያው ቀን እንዲያልፍብሽም አስቤ ነበር፣ አልዋሽሽም። ትናንት ግን አባባ ወረቀቱን አየና የእሷ ጽሑፍ ነው? አንብቢልኝ አለ። እንግሊዝኛ አይሰማም። ፊቱ ዘርግቼ፣ አባቴ በመልካም አሳድጎኛል፣ እህቴ አስተምራኛለች ትላለች ብዬ አነበብኩለት። ተቀብሎኝ ሳመው። በይ እንግዲህ ቶሎ ላኪላት፣ እንዳይዘገይባት ብሎ ተቆጣኝ። ያወጣሁትን ሕግ ያፈረስኩት እኔው ሆንኩ።

ማመልከቻው ታርሞ ከዚህ ጋር ተልኳል። አሁን አንድም ስህተት የለበትም፤ እንዳለ አስገቢው።

ፈቃዱን አያስቀሩብሽ፤ ደጅ አያስጠኑሽ፤ የሰው ፊት አይክበድሽ። አባባም ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለእሷ ይጨምርላት ብሎ መርቆሻል።

መምህርሽ