የደሴታችን ማኅበርና ያንተ ስም

ሰጠኝ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሞላ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ካለህበት ሆነህ መጠየቅ ያለብህ አንተ ነህ። እኔ ደህና አይደለሁም። መቼም ዋሽቼህ አላውቅም፣ ያባትህን ዋንጫ ድመት ሰበረችው ያልኩህን ካልቆጠርክብኝ በቀር።

መጀመሪያ ቤቱን ላውራህ። በጓዳው በኩል ያለው ክዳን ያፈሳል። ጌሾው ዘንድሮ ሸጋ ነበር፣ ግን እንቦጩ የሐይቁን ዳር ከዘጋው ወዲህ እንፍራንዝ ገበያ የምወጣው አልፎ አልፎ ስለሆነ ግማሹ እዛፉ ላይ ደረቀ። መረብህን ለትልቁ ልጃችን ሰጠሁት። እንዳንተ መስፋት አይችልበትም፤ ዓሣው ገብቶ ሰላም ብሎት ይወጣል። ጎንደር ያለችው ልጃችን ነይ ብላ እኔን ወደ ከተማ መውሰድ ትፈልጋለች። እምቢ አልኳት።

ማኅበሩ ተቋቁሟል። ያንተ ማኅበር። ስንት ዓመት ሙሉ በሰንበቴው ላይ ተነሥተህ፣ ይቺ ደሴት የሚናገርላት ያስፈልጋታል ስትል ሰው ይስቅብህ ነበር። እኔም ስቄብሃለሁ። «ድር ቢያብር» ብለህ ስትጀምር አንበሳውን አስሬ የምጨርስልህ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጎንደር ማኅበር ወደሚመዘግበው ቢሮ ሄደህ፣ ደሴታችን ሰው የማይኖርባት ተብላ ተጽፋ አግኝተህ ተመለስክ። ራትህን ሳትበላ ተኛህ። እኔ ደግሞ፣ ይኸው አለን አይደል፣ ወረቀት ምን ያደርጋል ብዬህ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ወረቀት ምን እንደሚያደርግ የገባኝ ሆድህን በታመምክ ጊዜ ነው። የማዶዎቹ ቀበሌዎች ተወካይ ስላላቸው በየፊታቸው እንቦጩ ተነቅሎ ለታንኳ መተላለፊያ ተከፍቶላቸዋል። በእኛ ፊት ግን ማንም አልነካውም። ወደ ሐኪም ቤት በታንኳ ስንወስድህ፣ ልጅህ በመቅዘፊያው ሲገፋ፣ እኔ በእጄ ስነቅል፣ መሐሉ ላይ ቀረን። ማዶ ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ይታዩኝ ነበር። ጮኽኩ፣ ነጠላዬን አውለበለብኩ። እነሱም እጃቸውን አነሡልኝ፤ ሰላምታ መስሏቸው ነው። ቀትር ሳይሆን አረፍክ። ከሞቱ አሟሟቱ የሚባለውን ያን ቀን አየሁት።

ከዚያማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። በአርባህ ማግስት የእድራችን ዳኛ አያ ታከለ ሰዉን ሰብስቦ ማኅበሩን አቆመ። እንቦጩ በእኛም በኩል ይነቀልልን፣ ለበሽተኛ የሞተር ጀልባ ይመደብልን፣ ሌላ ነገር አልጠየቅንም። መጻፍ ስለምችል ጸሐፊ አደረጉኝ። ጎንደር ያለው ቢሮ የመሥራቾቹን ስም ላኩ ሲለን፣ የእድሩን መዝገብ እንዳለ ገልብጬ ላክሁ። ከላይ የመጀመሪያው ስም ያንተ ነበር።

እኔ ስህተት አልመሰለኝም። በእኛ ደሴት አባወራው ቢሞትም ቤቱ በስሙ ይኖራል፤ በእድሩ ስብሰባ ስሙ ሲጠራ ሚስቱ ተነሥታ «ቤቱ አለ» ትላለች። እኔም ከሞትክ ጀምሮ እንዲሁ እል ነበር። እውነቱን ልንገርህና፣ ያቺን ሰዓት እናፍቃት ነበር። ሌላ ቦታ ስምህን ጮክ ብሎ የሚጠራ የለማ።

በበጋው ከቢሮው አንድ ሰው ቦርሳውን አንግቦ ሊያጣራ መጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተቀምጠን ሳለ ስም መጥራት ጀመረ። ያንተን ሲጠራ ተነሥቼ «ቤቱ አለ» አልኩት። ሰውየውስ የት አለ አለኝ። በእጄ ወደ መቃብሩ አመለከትኩት። ከእኔ በኋላ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ስድስት ሴቶች እንደኔው መለሱለት። መዝገቡን አጠፈው። «እትዬ፣ እኔ የምመዘግበው በሕይወት ያለ ሰው ነው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። በሕያዋን ስም ጽፋችሁ ቶሎ ላኩ፤ ክረምቱ ሳይገባ የት የት እንደሚነቀል የሚወሰንበት ስብሰባ አለ፣ ማኅበራችሁ ካልተመዘገበ አትጠሩም ብሎ አስጠንቅቆን ሄደ።

ሰባት ስም መቀየር ነበር ሥራው። አልቀየርኩም። ሴቶቹም ባሎቻችንን ሁለት ጊዜ አንቀብርም ብለዋል፤ ግን በእነሱ አላሳብብም፣ ቀድሜ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እነሱ እኔን አይተው ነው። አያ ታከለ ሦስት ጊዜ ደጄ ድረስ መጣ። «ምነው አዛኑ፣ ስም እኮ ነው፤ ሰጠኝ ራሱ ቢኖር ሰርዢኝ ይልሽ ነበር» አለኝ። ልክ እንደሆነ አውቃለሁ። የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው። ሚስትህ በሕይወት ቤትህ ተቀምጣ አንተ ምን ታውቃለህ ብዬ መለስኩት፤ በአባቴ ዕድሜ ያለውን ሰው። ስብሰባው ያለ እኛ ተደረገ።

ክረምት ሲገባ የአያ ታከለ ልጅ ዘመናይ እንፍራንዝ ካለው ከባሏ ቤት መጣች። በኩሯን እናቷ ዘንድ ልትወልድ ነው፣ እንደ ወጉ። ሐኪም ቤት አጠገብ ካለ ቤቷ ወጥታ ወደ እኛ መጣች። ምጡ ሁለት ቀን ሲቆይባት በታንኳ ይዘዋት ወጡ። እንቦጩ አንተን የያዘበት ቦታ ላይ ያዛቸው። እሷም ልጇም አልተረፉም።

ስብሰባው ላይ ብንገኝ ኖሮ መንገዱ ይከፈትልን ነበር? አላውቅም። ያልተገኘነው በማን ምክንያት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። አያ ታከለ አልወቀሰኝም። ሬሳዋ ሲመለስ ወደቡ ላይ ቆሜ አየኝና፣ «ነይ፣ ልጄን አጥበሽ ገንዢልኝ» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሆዷን ሳጥብ ምን እንደተሰማኝ ላንተም አልጽፈውም።

በሠልስቷ ማግስት የእድሩን መዝገብ አወጣሁ፤ የማኅበሩ ዝርዝር ከሱ የሚገለበጥ ነውና። ስምህ ላይ መስመር አሰመርኩ። በጎኑ የኔን ስም ጻፍኩ። ሴቶቹም ሳልጠራቸው መጡ። አንዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች። ትልቋ ማንበብ ስለማትችል የባሏ ስም የቱ እንደሆነ አሳዪኝ አለችኝ፤ ጣቷን ብዙ ጊዜ አኑራበት ቆየችና አነሣችልኝ።

ዝርዝሩን ይዤ ጎንደር ወጣሁ። ተመዘገብን፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጃችን ነው። በሚመጣው ስብሰባ ደሴቲቱን ወክዬ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እሺ ይሉን አይሉን አላውቅም፣ እንቦጩም እኛን ቁሞ አልጠበቀም። እኔ ግን እናገራለሁ፤ ያንተን ነገር እናገራለሁ፣ የዘመናይንም፣ በእኔ እልህ የባከነውንም ጊዜ ሳልደብቅ።

አሁን በእድሩ ስምህን የሚጠራው የለም። ቀስ በቀስ ሰው ይረሳህ ይሆናል፤ ልጆችህም አንድ ቀን ድምፅህ ይጠፋባቸው ይሆናል። እኔ አልረሳህም፣ ሰጠኝ። ስምህን በገዛ እጄ ሰርዤ እንዴት ልርሳህ?

ባለቤትህ አዛኑ