በሁዳዴ ዝንብ የበላችው አበባ

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ሦስተኛዋም ማሰሮ ደረቀች። ጠዋት እስከ ግማሽ ውሃ ነበራት፤ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ጣቴን ብሰድ ባዶ። ክዳኗ ጠውልጓል፣ ከንፈሯ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ተጨማዷል። አበባዬ አምስት ማሰሮ ነበሯት፣ ሁለት ቀሩ። እነዚህ ከሄዱ አበባዋም የምትከተላቸው ይመስለኛል።

አብሮኝ ያስተምር የነበረው ህንዱ የሂሳብ መምህር ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ሲገባ ነው የሰጠኝ። ሌላው ሰው ብርድ ልብስና ድስት ሲከፋፈል እኔ አበባ ደረሰኝ። ከቅጠሏ ጫፍ ጅማት ይወጣል፣ ከጅማቱ ጫፍ ባለ ክዳን ማሰሮ ይንጠለጠላል። ውስጡ ያለውን ውሃ ራሷ ናት የምታመነጨው። ዝንብ ከከንፈሯ ጣፋጭ ልላስ ብሎ ያርፋል፣ ያዳልጠዋል፣ በቃ።

ያኔ የነገረኝን በቃሌ ይዤዋለሁ። የዝናብ ውሃ እንጂ የቧንቧ አይሆንም። ፍግ እንዳይነካት። ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳያገኛት። "በተረፈ ተያት፤ የምትበላውን ታውቃለች።"

ሁሉንም አድርጌያለሁ። ታዲያ ምን ሆነች?

ዓርብ፣ መጋቢት 7

የምጠረጥራቸው፦

ነፋሱ። የደብረ ታቦር የመጋቢት ነፋስ እንኳን የአበባ፣ የሰው ከንፈር ይሰነጥቃል። እኔ የጅማ ልጅ እስካሁን አልለመድኩትም። እርጥብ ፎጣ መስኮቱ ላይ ሰቅያለሁ።

ውሃው። ክረምት ከቆርቆሮው ጣሪያ ያጠራቀምኩት ነው፤ ጀሪካኑ ሸቶ እንደሆነ ብዬ ቀመስኩት። ደህና ነው።

ድመቷ። የእማማ ይታይሽ ናት። ማስረጃ የለኝም፣ ዓይኗን ግን አላምነውም።

እማማ ይታይሽ በቀበሌ ቤት ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን ጉንፋን ሲጥለኝ በአጃ ሾርባ ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስሄድ ቁልፌን ለእሳቸው ነው የምተወው። ዘመድ እንኳ እንዲህ አይታመንም።

አንድ ጥፋት ግን አለብኝ። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ቀን ጉራ ቢጤ አማረኝና ጠርቼ ዝንብ ስትውጥ አሳየኋቸው። አማተቡ።

"በስመ አብ! በጾም?"

"እማማ፣ አበባ እኮ ናት።"

"አበባስ ብትሆን፣ ዝንብ ጎመን ነው እንዴ?"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

ትምህርት የለም። ልብስ አጠብኩ፣ የተማሪ ደብተር አረምኩ፣ አበባዬን ጠበቅሁ። ጠዋት ማሰሮዎቹ የያዙትን ውሃ በሣር ለክቼ ምልክት አደረግሁ። ማታም እዚያው ነው፤ ነቅነቅ አላለም። ነፋሱ ግን ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያላጋው ዋለ።

ጓደኛዬ ብርቄ መጥታ ነበር። ጂኦግራፊ ነው የምታስተምረው፤ የአውራጃውን ወሬ ግን ከካርታው አብልጣ ታውቃለች። ማን ሊያገባ እንደሆነ፣ ማን ዝውውር እንደጠየቀ ዘርዝራ ስትጨርስ ወደ አበባዋ ዞረች። "ይቺንማ ለቀበሌው ሱቅ አውሻት። ስኳሩ ጠፍቶ ዝንቡ ነው የቀረው" አለችኝ። ድምፅሽን ቀንሺ አልኳት።

እሑድ፣ መጋቢት 9

ዛሬም ውሃው አልጎደለም። እንዲያውም ትንሽዋ ማሰሮ አንድ ዝንብ አገኘች። ነፋሱ ቅዳሜና እሑድን እየመረጠ ያርፋል ልበል? አያርፍም፤ ፎጣዬን አጥር ላይ ጥሎብኛል።

እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በመስኮት ብቅ አሉ።

"ዛሬስ ቀመሰች?"

"አንድ ዝንብ።"

"ትቅመስ እንግዲህ። ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም።"

ቀልዳቸው ደስ አለኝ። ተቀይመውኛል ብዬ ነበር፤ እንኳን ሳቁልኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 10

አራተኛዋ ሄደች። ትናንት ዝንብ የበላችው። ጠዋት ውሃ ነበራት፣ አሥር ሰዓት ላይ ደረቅ ናት። ከሥሯ ያለው የመስኮት ደፍ ደግሞ ረጥቧል። ማሰሮዋን አገላብጬ አየሁ፤ ቀዳዳ የለባትም። ከንፈሯ ላይ አንድ ነጭ ክር ተለጥፏል። የሸረሪት መሰለኝ፤ በጣቴ ስፈትለው ጥጥ ነው።

ድመት ጥጥ አትይዝም።

እራት አልበላሁም ብል ውሸት ነው፤ በላሁ፤ ግን አልጣመኝም። የቀረችው አንዲት ማሰሮ ናት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

ተማሪው ከሰዓት በኋላ ለስብሰባ ተጠራ፤ እኔ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቴ ደረስኩ። በሬ ገርበብ ብሏል። እማማ ይታይሽ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ያሾራሉ። የመጨረሻዋ ማሰሮ አፍ በባዘቶ ተወትፏል። የባዘቶው ጭራ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

"እማማ! ምን እያደረጉ ነው?"

"መጣሽ? ገና ዘጠኝ አልሞላም፤ ሲሞላ እፈታላታለሁ።"

"ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ?"

"ከሰኞ እስከ ዓርብ። ከሥጋው አልከለከልኳት፤ ሰዓቱን ብቻ ነው ያስጠበቅኋት። ሰው እስከ ዘጠኝ ሲጾም እሷ ከንጋት ጀምራ ስትውጥ፣ አብረሽ ትኖሪ የለ፣ በደሉ ለአንቺ እንዳይተርፍ ፈራሁ።"

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ለእኔ ብለው ነው፤ ለእሷም ቢሆን ጨክነው አይደለም። ባዘቶውን አወጣሁና ጨመቅሁላቸው። የማሰሮዋ ውሃ በእጄ መዳፍ ላይ ፈሰሰ።

"ጥጡ እየጠጣባት ነው እማማ። ያለዚህ ውሃ አትኖርም።"

መዳፌን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ወዮ! እኔ ነኝ እንዴ የፈጀኋት?"

እንዝርታቸውን ሰበሰቡ። በመጨረሻ፣ "እፈታታለሁ እንዳልል ኅሊናዬ አይፈቅድም፤ አስራታለሁ እንዳልል ልትሞት ነው። ነገ ሚካኤል ነው፤ የንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ" ብለው ወጡ።

አሁን ጭንቄ ቁልፉ ነው። ነገ ይዤው ብሄድ አበባዋ ትተርፋለች። ግን ቁልፍ ነጥቄያቸው በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 12

ቁልፉን ሰጠኋቸው። ሲቀበሉኝ ዓይናቸውን አላነሱም።

ቀኑን እንዴት እንዳስተማርኩ እንጃ። ስለ ልብ አሠራር ጀምሬ የደም ሥሮቹን ሳልጨርስ ሥዕሉን ደመሰስኩት። ተማሪዎቹ ተያዩ። አሥር ሰዓት ላይ በሩጫ ነው የገባሁት።

እማማ በሬ ላይ ቆመዋል፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። ቀኝ እጃቸው ተጨብጧል።

"አልነካኋትም። ሂጂ እይ።"

አየሁ። ባዘቶ የለም። ውሃዋ የጥፍር ያህል ቢቀርም አለ። ከጀሪካኑ በማንኪያ ጨመርኩላት።

"ጠየቋቸው?"

"ጠየቅኋቸው። መስቀላቸውን እንደያዙ ሳቁብኝ። ከዚያ 'ለመሆኑ ዕድሜዋ ስንት ነው?' አሉኝ። ህንዱ ያመጣት ጊዜ የኔ ልጅ ወደ ውትድርና የሄደበት ዓመት ነው። ቆጠርኩት፤ ሦስት። 'ሰባት ሳይሞላትማ ማን ጹሚ አላት?' አሉኝ።"

ሳቄን ልይዝ ሞክሬ አልቻልኩም። እሳቸውም አልቻሉም። ልጃቸውን ካነሱ ግን ሰንብተው ነበር፤ ሳቃቸው መሀል ላይ ዓይናቸው ረጠበና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

"ሰባት ሲሞላት ግን እንነጋገራለን" አሉ።

"እንነጋገራለን እማማ።"

ከዚያ የጨበጡትን እጅ ዘረጉልኝ። ውስጡ ዝንብ አለ። ከጓሮ በነጠላ መትተው የያዙት ነው።

"እኔ አልሰጣትም፤ ጾመኛ ነኝ። አንቺ ስጫት። ሕፃን አይራብ።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ እኔ ጣልኩላት። "ወደቀ?" አሉ ሳይዞሩ። ወደቀ አልኳቸው።

ከላይኛው ቅጠል ጫፍ አዲስ ጅማት ወጥቷል፤ ጫፉ የገብስ ፍሬ ያህል አብጧል። ማሰሮ ይሁን፣ ወይስ እንዲሁ ደርቆ ይቅር፣ ዛሬ አይታወቅም። እማማ ግን ከአሁኑ ቀና ብለው አይተው፣ "ይቺኛዋ አፏ ሰፊ ነው የሚሆነው" ብለውኛል።