ጥያቄ ሠላሳ ሰባት

ሐምሌ 20
ልብስ አጠብኩ። የጫማዬን ሶል አስለጠፍኩ። እማዬ "ዛሬስ ስለ ፊዚክስ ሳታወሪ ዋልሽ" ብላ ሳቀችብኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ነገ ይወጣል። ተማሪዎቼ ጥሩ ሠርተዋል፣ እርግጠኛ ነኝ... ነኝ?

ሐምሌ 21
የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ልጃቸው በአንድ ነጥብ ወደቀች። በአንድ! ምህንድስና እገባለሁ ስትል የከረመች ልጅ። "እርስዎ ያሉትን ነው የመለሰችው፣ ቲቸር" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።
የመልስ ቁልፉን ዳይሬክተሩ ቢሮ አየሁት። ጥያቄ ሠላሳ ሰባት። ምድርን በምትዞር መንኮራኩር ውስጥ ጠፈርተኞች ለምን ይንሳፈፋሉ? ቁልፉ "እዚያ የመሬት ስበት ስለሌለ" ይላል። የእኔ አርባ አንድ ልጆች በሙሉ "ከመንኮራኩሯ ጋር አብረው ያለማቋረጥ ስለሚወድቁ" የሚለውን መርጠዋል። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ስበት ከሌለ መንኮራኩሯን ምን ያዞራታል? ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር እኮ!
አርባ አንድ ልጅ ትክክል በመሆኑ ተቀጣ። በእኔ ጦስ።

ሐምሌ 23
ዳይሬክተሩ፦ "ለፈተናው መጽሐፉን አስተምሪ፣ እውነቱን ለራስሽ ያዢው።" መጽሐፉ ከተሳሳተስ? "ቢሳሳትም መጽሐፍ ነው።" ደሜ ፈላ። ይኼው ሰው አይደል አምና ሄሊኮፕተር ሞተሩ ከጠፋ እንደ ድንጋይ ዱብ ይላል ብሎ የተከራከረኝ? ሲወርድ ከስር የሚመጣው አየር አናቱ ላይ ያለውን ክንፍ እያሽከረከረለት ማረፍ ይችላል ብዬ ብነግረው "አንቺ አብራሪ ነሽ?" አለኝ።
ይግባኝ ጻፍኩ፣ ሦስት ገጽ። አልፈርምም አለ። ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ምን ያመጣሉ?

ሐምሌ 28
ፈተና ቢሮ። ሦስተኛ ፎቅ። ኃላፊዋ ሴትዮ ጨዋ ናት፣ ግን "ጠፈር ላይ ስበት እንደሌለ ሕፃን ያውቃል" አለችኝ። ጠፈርተኞቹ ያሉበት ከፍታ ላይ ስበቱ እዚህ ካለው ብዙም አያንስም አልኳት። ሳቀች።
የውሃ ጠርሙሴን አወጣሁ። ጎኑን በሚስማር በስቼው ነበር። ከቀዳዳው ላይ ጣቴን ሳነሳ ውሃው ፊጭ! ምንጣፏ ራሰ። "ምን እያደረግሽ ነው?" ብላ ጮኸች። እጇን ይዤ ደረጃው ጋ ወሰድኳት። ጠርሙሱን በደረጃው መሃል ባለው ክፍተት ወደ ታች ለቀቅሁት። እየወደቀ ሳለ ውሃው ቀጥ አለ። ጠብታ አልወጣም። ስበቱ የት ሄደ? የትም። ጠርሙሱም ውሃውም አብረው እየወደቁ ነው፣ በቃ።
ታች ሲደርስ ፈነዳና የአንድ ሰውዬ ሱሪ በሰበሰ። ከላይ ሆኜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሴትየዋ ግን አሁንም ታች ታያለች... ከዚያ ቀስ ብላ "እስቲ ድገሚው" አለችኝ።

ነሐሴ 12
ደብዳቤ መጣ። ጥያቄ ሠላሳ ሰባት "በሕትመት ጥራት ጉድለት" ተሰርዟል፣ ነጥቡ ለሁሉም ይሰጥ። የሕትመት ጥራት! ተሳሳትን ከማለት ማሽኑን መውቀስ ቀለላቸው። ይሁን፣ ነጥቡ ነጥብ ነው። የጥበቃው ልጅ አለፈች። ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።
ዳይሬክተሩ ደብዳቤው ደርሶኛል ብዬ እንድፈርም ወረቀት ሰጠኝ። ፈረምኩ። ከስሩ "ሕትመቱ ግልጽ ነበር" ብዬ ጨመርኩበት። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

መስከረም 8
የክፍል ድልድል ወጣ። አሥራ ሁለተኛን ነጠቁኝ። ሰባተኛ ክፍል! "ትንንሾቹ ጋ አርፈሽ ትቀመጫለሽ" አለኝ ዳይሬክተሩ። እማዬ ደግሞ "አፍሽ ነው ያመጣብሽ" አለች። እውነቷን ነው።
ዛሬ ገባሁ። ሃምሳ ሦስት ናቸው። ጠፈር ላይ ስበት አለ ወይስ የለም? ብዬ ጠየቅኳቸው።
"የለምምም!" አሉ በአንድ ድምፅ።
እሰይ። አምስት ዓመት ቀድሜ አገኘኋቸው።